እርከን

ነብራስካ ሜዳ ነው፣ ጉብታ የሌለበት፤
እኔ ግን እርከን እሠራለሁ፣ ማታ ማታ፣ በወጥ ቤት።

ሃያ ሁለት ዓመት ክፍልፋይ አስተምሬ
ደመወዜ ቆሟል፣ እንዳኮረፈ በሬ።
“ሠላሳ ክሬዲት ጨምሪ፣ ወደ ቀጣዩ እርከን ትሻገሪያለሽ።”
“ክፍያውንስ ማን ይችላል?” አልኩ።
“አንቺው ነሽ።”

ተበደርኩ። ጧት አስተማሪ፣ ማታ ተማሪ።
ቅዳሜ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዌንደል አየኝ፣ የአምስተኛ ክፍሉ ቀባጣሪ፦
“ሚስስ ህራድስኪ! እርስዎም የቤት ሥራ አለብዎት?”
“አለብኝ፤ ያውም በየሌሊት።”
ሳቀ።
ከዚያ ዝም ብሎ፣ ወንበር ስቦ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፤
ክፍልፋዩን ጨርሶ፣ ከነስታቲስቲክሴ ትቶኝ አመለጠ።

ጭማሪው በመስከረም ገባ፤ ግማሹን ወለድ ያጥበዋል።
እርከን ተራራ አይሆንም፤
አፈሩን ግን ያስቀረዋል።