የትኛዋ መርፌ

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ቢቸና ሆስፒታል፣
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጠጠር ይበትናል።
መሪጌታ አንለይ በቃሬዛ መጡ፣
ጭቃ የጠገቡ አራት ተማሪዎች ደጁ ላይ ተቀመጡ።
ቀኝ ጉልበታቸው አብጧል፣ የበሰለ ዱባ፣
ገና ጣቴን ሳስጠጋ ዓይናቸው የሚያነባ።

«መርፌው ነው» አለችኝ ባለቤታቸው ጥሩዓለም፣
«መርፌው ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም!
ያ የወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ ያ የቻይና ተማሪ፣
እንደ ጃርት ሰክቶባቸው፣ የሰው ገላ ቆፋሪ!»

ሙሉሰውን አውቀዋለሁ።
ለመንገድ ሠሪዎቹ አስተርጓሚ ነበር፤
ካምፑ ሲፈርስ እነሱ ግሬደራቸውን ጭነው ሄዱ፣
እሱ ከፈረስ ጭራ የቀጠኑ መርፌዎች ይዞ ቀረ።

ሄጄ አየሁ። መርፌዎቹ እሽግ ናቸው፤
ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ ጣሳ ነው ቤታቸው።
ጥጡ ግን ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ክዳን የለው።
«አልኮል ሲወደድ ውኃ ጠብ አደረግሁበት» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው።
አገኘሁህ! አልኩ በሆዴ።
እንዴት ደስ ይላል በሰው ላይ ሲገኝ፣
ጥፋት ባለቤት አግኝቶ እኔን ሲያልፈኝ።

ግን ዶሮ ስለጮኸ የነጋ ቀን የለም፤
ከኋላ የመጣ ሁሉ ወራሽ አይደለም።

መግሉን ለደብረ ማርቆስ በበረዶ ላክን፤
ከሦስት ቀን በኋላ በስልክ ስሙን ሰማን፦
ስታፍ። የሁላችን ጎረቤት፣
አፍንጫ ውስጥ ያድራል፣ ብብት ውስጥ አለው ቤት፤
በሙሉሰው ጣት ላይ፣ በመሪጌታ ቆዳ፣
በእኔም መዳፍ አለ፣ ያልተከፈለ ዕዳ።
በየት በኩል ገባ? እሱ አይናገርም፤
ጀርም ማኅተም የለው፣ መታወቂያ አይዝም።
ከብርጭቆው ጥጥ የበቀለው ደግሞ ሌላ ዓይነት፣
የውኃ ዘር እንጂ የዚህ ጉልበት አይደለም ጠላት።

እንደገና ጠየቅኳቸው።
በሐምሌ መጀመሪያ እሾህ ወግቷቸው በወስፌ ነቅለውታል።
ስኳርም አለባቸው፣ ጾም ሲሆን መድኃኒቱን ይተዉታል።

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ካርዳቸውን ገለበጥኩ፦
«ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ። መርፌ፣ ጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ።»
ከሥሩ ፊርማ፣
ጅራቱ ወደ ላይ የሚሸሽ ፊርማ።
የኔ።

ሙሉሰውን በአምስት ቀን ቀድሜዋለሁ።
ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር።
ጓንት አድርጌ ነበር? ይመስለኛል።
እጄን ታጠብኩ? ታጥቤ ይሆናል።
ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ነበር፤ ይኸን አስታውሳለሁ።

በቋንቋችን መርፌ አንድ ቃል ናት፤
የልብስ ሰፊዋም፣ የሐኪሙም፣ የቻይናም።
ጥሩዓለም «መርፌው ነው» ስትል
የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጠዋት አልጋቸው ሥር ተቀምጬ ካርዱን አሳየኋቸው።
መግል የሚያፈስ ቱቦ ከጉልበታቸው ተንጠልጥሎ ሳቁ፦
«ልጄ፣ ተማሪዬ ሰሙን ይዞ ወርቁን ካጣ፣
አብሮት ይደር እላለሁ እንጂ አልቆጣውም ቁጣ።
አንተም ተወው፣ ይደር።»

ቅጹ ላይ «የበሽታው ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ፤
ጠባብ ነው፣ ለአንድ ቃል ብቻ የተከለለ።
ከሳጥኑ ወጥቼ በጠርዙ ደረደርኩ፦
እሾህ፣ ወስፌ፣ ስኳር፤ ከመርፌዎቹ የራሴን አስቀደምኩ።
ማታ ለሙሉሰው አልኮል ወሰድኩለት፣
ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ጨመርኩበት፤
ሲመለስ የራሴን ክፍል ሳሙና ፈለግሁ፣
አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የታካሚውን ስም ጻፍኩ፦ አንለይ።
አንዲት «ም» ብቻ ቀረችው
ፍርዴ እንዲሞላ።