የወሩ ምርጥ ሠራተኛ

እናቴ ዘምዘም አለችኝ፣ የተባረከ ውሃ ብላ፤
መች አወቀች፣ ውሃም ሰውን እንደሚበላ።

ማናማ ላይ፣ ከባሕሩ ጀርባ ካለ ሆቴል ውስጥ
አሥራ አራት መኝታ አለኝ በቀን የማነጥፍ፣ የምለውጥ፤
የየበሩን እጀታ ሦስቴ እወለውላለሁ፤
ሦስቱ ልቤን ካልሞላው ዘጠኝ አደርሰዋለሁ፤
ሰባተኛው ላይ ሰው ከጠራኝ፣ ከአንድ እጀምራለሁ።

ፎቶዬን ከሊፍቱ አጠገብ ሰቀሉ፤
«የወሩ ምርጥ ሠራተኛ፣ ከእሷ ተማሩ» አሉ።
እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ፤
የጣቶቼ አንጓ ተሰንጥቆ
ነጩ ፎጣ ላይ እንዳይደማ ሰጋሁ።
በሽታዬን ሸለሙት፤ እኔም አመሰገንሁ።

ማታ ደግሞ ውዱእ።
ክርኔን ውሃ ስቶት ይሆን? ተረከዜስ ደርቆ?
እንደገና። ይሄኛው አይቆጠርም፣ ሐሳቤ ሄዷል ርቆ።
መግሪብ አዛን ሲል ቧንቧው ሥር ነበርሁ፤
ዒሻ አዛን ሲልም እዚያው ነኝ፤ ሶላቱን ግን አልሰገድሁ።
የክፍል ጓደኛዬ ሱሺላ በሩን ትደበድባለች፤
«ዘምዘም! ባሕሩን ጨረስሽው እኮ!» ትላለች።

ቅባት ፍለጋ ነበር ቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድሁት።
እጄን አገላብጦ አየው።
«በቀን ስንቴ ትታጠቢያለሽ?»
ዋሸሁ።
«እሺ፤ የደበቅሽው ሲደመርበትስ?»
አለቀስሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ላከኝ፣ ዶክተር ኢህሳን ዘንድ፤
ሱዳናዊት ናት፤ ከመነጽሯ በላይ የምታይ፣ እንደ ዘመድ።
«ወስዋስ» አለችው። ስሙን አውቀዋለሁ፤
የሰይጣን ሹክሹክታ ነው ሲባል አድጌያለሁ።
እሷ ግን አልረገመችው፣ አላባረረችው፤
ወንበር ስባ አስቀመጠችው።
«ይናገር» አለች፤ «አንቺ ብቻ መልስ አትስጪው።»

ጠዋት ጠዋት አንድ እንክብል። ሁለት ሳምንት አቅለሸለሸኝ።
ሐሙስ ሐሙስ የመጸዳጃ ቤቱን እጀታ አስጨበጠችኝ፤
ከዚያ መዳፌን ጉንጬ ላይ። ያለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና።
«ፍርሃትሽ ከመቶ ስንት ነው?»
«ዘጠና አምስት።»
«እንጠብቀው እንግዲህ።»
ኤሲው ይነፍሳል፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል።
ዘጠና። ዘጠና። ዘጠና ሁለት፤ ዋሽታኛለች አልሁ።
ሰማንያ።
ሰባ ላይ ስንደርስ የዶክተሯ ሆድ ጮኸ፤ ምሳ አልበላችም ነበር፤
በቆሸሸ እጄ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ።
አርባ።

በረመዳን ወደቅሁ። አንድ ሌሊት ሙሉ ከቧንቧው ጋር ነጋ።
«አልድንም» ልላት ሄድሁ።
ወደ በሩ አመለከተችኝ፤
«እጀታው እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም።»

ስወጣ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤
ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል።
አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግናል፤
ውሃው ይምጣ አይምጣ ቀና ብሎም አያይ።
የወደቡን ብረት ተደግፌ ቆሜ አየሁት፤
ብረቱን መንካቴን ያወቅሁት
አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ከሊፍቱ አጠገብ ያለው ፎቶ የሌላ ሰው ነው።
እጀታውን አንዴ ወልውዬ አልፋለሁ፤
አንዳንድ ቀን ልቤ ይመለሳል፣ እግሬ ግን አይከተለው።

ዛሬ ማታ ክንዴን ሦስቴ አጠብሁ። ሦስት፣ እንደታዘዘው።
ክርኔ ይጮኻል፤ ይጩህ፤ መልስ የለኝም የምሰጠው።
ቧንቧውን ዘጋሁ።
ሱሺላ በሩን ሳትደበድብ ወጣሁ።
ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ አየችኝ፤
«አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።