ስምና ሰም

ሎርን ፔትሪሺን ማን ነው ብትሉኝ አልፈርድም፤
ፊቱን እንጂ ስሙን ማንም አይለምድም።
ፊት ነበረው፣ ፊት ቆሞ ግን አያውቅም።

ዳኛ ሆኖ መዶሻ መታ፤ መጠጥ ቀዳ፤ ታክሲ ነዳ፤
ለአለቃው ጥይት ተቀብሎ ከፈለ የሰው ዕዳ።
«አዝናለሁ፣ የቻልነውን ሁሉ አድርገናል» አለ
ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ በዘጠኝ ድራማ፤
ካሜራው ግን ዞረ ወደምታለቅሰው፤ እሱን ማን ሊሰማ።

አባቱ ሃሚልተን ብረት ያቀልጥ ነበር፤ እሱም እንደ አባቱ
ምሳውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ነበር ቀረጻ የሚመጣው፣ በሰዓቱ።

ቶሮንቶም እንደ እሱ ናት፤ በስሟ አትጠራም፤
የታክሲውን ቀለም ቀይረው፣ መንገዱ ላይ ቆሻሻ ነስንሰው
ኒው ዮርክ ይሏታል፤ እሷም እሺ ነው፣ አትኮራም።

እኔ ሜካፕ ሠሪዋ ነኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ገድዬዋለሁ።
ግንባሩ ላይ ሰም ለጥፌ፣ ቀዳዳ ከፍቼ፣ ቀይ ሽሮፕ ስሞላበት
«ዛሬ ደግሞ በምን ልሙት?» ሲለኝ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ሰሙ መዳፌ ውስጥ እስኪለሰልስ አጫወትኩት፦
በኛ አገር ቅኔ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ ወርቁ ይቀራል።
ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ እኔ ሰሙ ነኛ» አለኝ፤
«ሰም ባይኖርስ፣ ወርቁ ከየት ቅርጽ ያወጣል?»

ሚስማር ሊገዛ በገባበት ሱቅ አንዲት ሴትዮ አፈጠጠችበት፦
«አውቅሃለሁ! ቦይለራችንን የጠገንከው አንተ አይደለህ?»
«እኔ ነኝ» አላት። «ይሠራል?»
«እንደ ሰዓት።»
«ተመስገን» አለ፣ ሚስማሩን ቆጥሮ ከፈለበት።

ያለፈው መጋቢት፣ ሃሚልተን፣ ሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ በሩ ጥግ ቆሜ፣
ሐኪሙ ገባ፤ ልጅ እግር፣ ጫማው ሲንጫጫ፤
ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ
«አዝናለሁ የቻልነውን ሁሉ አድርገናል» አለ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በሩጫ።

ሎርን እጁን አነሳ፤ የግሉኮሱ ቱቦ ተከትሎት ተወዛወዘ።
«ቆይ ልጄ፤ ፊትህ ሳይደርስ አፍህ ተጓዘ።
ወረቀቱን ኪስህ ክተት። ተቀመጥ። እኔን ተወኝ፣ ዘጠኝ ጊዜ ብዬዋለሁ፤
እሷን እያት። ‹አዝናለሁ› ካልክ በኋላ ዝም በል፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ።
በል፣ እንደገና።»

ልጁ ተቀመጠ። ሚስቱን ዶሪንን አያት። «አዝናለሁ» አለ።
ዝም።
ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ።
የቀረውን ቃል ሳይጨርስ ዶሪን የልጁን እጅ ያዘች።
«አሁን ሆነ» አለ ሎርን፤ ትራሱን አስተካከለ።

አሥራ ሁለተኛውን ሞቱን እኔ አልቀባሁትም። ዱቄት አብዝተውበት፣
ጉንጩ የሌላ ሰው መስሎ፣ ማንም ሳያየኝ በአውራ ጣቴ ጠረግሁለት።

ትናንት ለዶሪን ቼክ ደረሳት፣ ያረጀ ድራማ እንደገና ታይቶ፤
አንድ ዶላር ከሰማንያ አራት ሳንቲም።
ስሙ ግን ሙሉውን ሰፍሯል፣ በትልቁ፣ ጎልቶ፣
አንድ ፊደል ብቻ ተስቶ።