ወይራ አልወድም

እኔ ወይራ አልወድም።
ፍሬውን ማለቴ ነው፤ በዛፉ አልፈርድም።
አሥራ ሰባት ዓመት በሚግዳል ሃዔሜቅ
መራራውን ፍሬ በጨው ውኃ ስጠምቅ፣
አንዲቷም እንኳ ጉሮሮዬን አላለፈች፤
ሽታዋ ግን ከጣቴ ሥር ሰንበትን አሳለፈች።

ልጄ ሺፍራ ትስቃለች፦ «አባ፣ አንተኮ
ወይራ ትጠላለህ፣ ሐምሲን ትጠላለህ፣
የአውቶቡስ ራዲዮ፣ የቢሮ ወረፋ፣
«ነገ ና» የሚልህን ስታይ ፊትህ ይጠቁራል።
ጥላቻ ነህ በቃ!»
በዕብራይስጥ ነው የምትለው፤ በእሷ ቋንቋ
የሚጠላም «ሶኔ»፣ ጠላትም «ሶኔ»፤
ለሁለቱ አንድ በር። አይበቃም ለእኔ።

በእኛ ቤት «ጠላ» ግስ ነው።
ሰውየው ጠላ፤ ፊቱን አጨማደደ፣
ሳህኑን ገፋ አድርጎ መንገዱን ሄደ።
አለቀ።
ጫፉ ላይ አንዲት «ት» ስትለጠፍበት ነው ጉዱ፤
ግሱ ሰው ይሆናል፤
ቤት ይሠራል፣ በር ዘግቶ ያድራል፤
«ጠላት» ይባላል።

ይህን ያስተማረኝ መምህር አይደለም፤
የፈረቃ አለቃዬ ኦቫድያ ነው።
እሱ ወይራ ይወዳል፤ ፍሬውን ከነጨዉ
ከበርሜል እያነሳ ቆሞ ነው የሚበላው።
ገና አዲስ ሳለሁ፣ በእረፍት ክፍሉ ጠረጴዛ
ብርጭቆዬን ከብርጭቆው አጠገብ ባኖረው
በሁለት ጣቱ ይዞ የራሱን ራቅ አደረገው።
ምንም አላለኝም። አንድ ስንዝር ብቻ።

ያቺን ስንዝር ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድኳት፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከትራሴ ሥር አኖርኳት፤
ሌሊት ሌሊት እያወጣሁ ለካኋት፤
ክንድ ሆነች። ገመድ ሆነች።

ወይራ ሲነካኝ አፌ ይመራል፤
እተፋለሁ፣ እጉመጠመጣለሁ፣ እረሳለሁ።
ኦቫድያን ግን አልተፋሁትም።
እንደ ከረሜላ ከጉንጬ ሥር ይዤ መጠመጥኩት፤
ጣፈጠኝ።
ሲያስነጥስ ጠላሁት፣ ሲስቅ ጠላሁት፣
በእረፍት ቀኑ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ናፈቀኝ።

አምና፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣
ማጓጓዣ ቀበቶው ቀኝ እጁን ነከሰው።
ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ ሮጥኩ።
ማጥፊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤
ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉትም የእኔን ነው።
ማንም ያላየው ግን፣ ከመሮጤ በፊት፣
ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ በምትሆን ቅጽበት
ደስ አለኝ።

በረዶ የወይራ አዝመራ ሲያረግፍ
አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ያን ማታ እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፤
ያልለቀቀኝ ሽታ የወይራ አልነበረም።
ያቺን «ት» አገኘኋት፣
ከገዛ ስሜ ጫፍ ላይ ተለጥፋ።

አፉላ ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ።
ኦቫድያ ቀኙ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ
በግራው ብቻ ብርቱካን ሊልጥ ይታገላል።
«አንተ ነህ?»
«እኔ ነኝ።»
ስለ ብርጭቆው አላነሳሁም፤
እሱም ላያስታውሰው ይችላል፤ ይህ ደግሞ
ለብቻው ሌላ ሕመም ነው።
ይቅርታ የሚባል ነገር በመካከላችን አልተነገረም።
ብርቱካኑን ከእጁ ወሰድኩ፣ ላጥኩለት፤
ነጩን ክር እንኳ (ነጩን ክር አልወድም)
አንድ በአንድ ለቀምኩለት።
አንዱን ፈለቅ ጎረሰና «ወይራ ወይራ ይላል» አለ፤
ከእጄ ነው።

ሺፍራ ፌርማታው ላይ ትጠብቀኝ ነበር።
«እሺ፣ ወደድከው?»
አልወደድኩትም። ሳቁ አይጥመኝም፤
ሲያወራ የሰው ቃል ይነጥቃል፤
ደግ ሰው ነው ብዬም አልዋሽላትም።
ወይራም አልወድም፤
እስክሞት አልወድም።

ሐሙስ ግን እሄዳለሁ።
በግራ እጅ ብርቱካን አይላጥም።