ሦስተኛ ፎቅ

ከድልድዩ ማዶ፣ ከጥጥ ፋብሪካው ጥግ፣
ጠባብ ሱቅ አለችው፣ ሸክላ የሚሸጥባት፣
ሬይማ የሚባል፣ ሰው የማይፈልግ፣
ነገር ግን በሩን ዘግቶ የማያውቅባት።

ታምፔሬ ላይ ነው። ጥር ነው። ዘጠኝ ሰዓት፤ መሽቷል።

እኔ እዚያ ነኝ ተቀጣሪ፤
ካርድ ቆራጭ፣ ስም ጠሪ፤
በየመደርደሪያው ራስ "ሮክ"፣ "ጃዝ"፣ "ታንጎ"፣ "ፐንክ" እያልሁ
የሞቱትንም ያሉትንም በየቤታቸው ያስገባሁ።

ባለፈው ሐሙስ ለት
በሙዝ ካርቶን ታጭቆ ከመጣ የሟች ንብረት
አንድ ሸክላ ወጣ፤ ግራጫ ነው ልባሱ፤
ደረጃ ብቻ ነው ፎቶው፤ የሰው ጥላ የለም በሱ።
"ሦስተኛ ፎቅ" ይላል ስሙ። አንድ ክረምት ከተማው
በአውቶቡስም በሳውናም እያፏጨ ያልጠገበው።

ካርዴን ይዤ ቆምሁ፣
"ቤቱ የት ነው?" አልሁ።

ሬይማ ቀና ሳይል፦ "ሮክ በልና ለጥፍበት፤
ጊታር አለው አይደለም?" — "ጊታርማ ስንት ቦታ አለ፤
የእኅቴ ልጅ ሰርግም ነበር፤ እሱንም ሮክ በልበት!"
አለ ኦስሞ፤ ጡረተኛ፤ ጉምሩክ ዘመኑን ያዋለ፣
ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው ብሎ የሚያምን በቀኖና፦
"የትሮምቦኑን ትንፋሽ ስማው፤ ጃዝ ነው፤ ቀረጡ ሌላ ነውና።"

ቱሊኪ ሳቀች፤ በጥርሷ ጓንቷን ሳብ እያደረገች፣
የዳንስ አዳራሽ ንግሥት፣ ሁለት ባል በዳንስ ያደከመች፦
"እናንተ በጆሮ ፍረዱ፤ እኔ በእግሬ ነው 'ምመዝን፤
ታንጎ ነው፤ አዝጋሚ ታንጎ፤ የእኛው፤ የሐይቅ ዳር ሐዘን።"

ሳምፕሳ ግን ተማሪ ነው፤ ስም በሰረዝ የሚቀጥል፤
"ድኅረ-ፐንክ" ጀመረና፣ "ድኅረ-ፐንክ-ሹክሹክታ" ሲል፣
"ዝግታቸው ተቃውሞ ነው፤ ፋብሪካውን እምቢ ያሉበት፤
ኳኳታዋም ዕጣ ፈንታ ናት፤ ሦስተኛው ዜማ የሚቆረጥበት።"
ስድስት ገጽ ጽፎበታል፤ የግርጌ ማስታወሻ አለበት።

ተከራከርን።
ቱሊኪ ማስረጃ ብላ ከመጥረጊያው ጋር ደነሰች፤
ኦስሞ ቆጥሮ "ሦስት ምት" ሲል፣ "አራት ነው" ብላ መለሰች።
ሬይማ ብቻ፣ እንዳቀረቀረ፣ ዋጋ ሲጽፍ በእርሳስ፦
"ስም የሚያወጣ ወላጅ ነው፤ እናንተ ገዢ ናችሁ ወይስ?"

የበሩ ቃጭል ጮኸ። ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን እየገፉ
አሮጊት ገቡ፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ከብርድ ሊያርፉ።
ሸክላው ይዞር ነበር። ቆሙ። ሻርፓቸውን ፈቱ።
"እነዚህ ልጆች!" አሉ። "ዛሬም እየተጫወቱ?"

"ሔልቪ እባላለሁ። እነሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ፤
ማታ ማታ ፈታይ ነበርሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ እንቅልፈኛ።
አንድ ቀን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ነረትሁላቸው፣
ሁለቴ ብቻ፤ ጓ፣ ጓ። ዝም አሉ። አዘንሁላቸው።
ሲመሽ መጡ፤ አራቱም፤ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው፤
'ከስንት እስከ ስንት ይተኛሉ?' አሉኝ አቀርቅረው።
ከዚያ ወዲያ ትሮምቦኑ ጨርቅ ተወተፈበት፤
ከበሮውን ፎጣ አለበሱት፤ ጊታሩ መብራት ጠፋበት፤
በሱፍ ካልሲ ነበር 'ሚሄዱት፤ ዜማውም እንደ እግራቸው፤
ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። እኔን ላለማንቃት ብለው።"

ሳምፕሳ ወረቀቱን አጠፈ። ሸክላው ዞረ። ሦስተኛው ዜማ።
ያቺ ኳኳታ፦ ጓ፣ ጓ። ያኔ ነው ነገሩ የተሰማ።

ቤት አልመታ ብሎን ነበር፣ ይህ ሙዚቃ ቤት የሌለው፤
ለካስ ቤቱን የመቱት እሳቸው፤ ቤቱም ከታች ነው ያለው።

አውቶቡሱ መጣ። ሄዱ፤ ምርኩዛቸው በረዶውን እያሰመረ።
ሬይማ ላጲሱን አነሣ፤ ዋጋውን ፋቀ፤ ምንም አልተናገረ።
እኔም አዲስ ካርድ ቆርጬ፣ ከታንጎና ከጃዝ መሐል፣
"ቀስ በሉ፤ ሰው ተኝቷል"
ብዬ ጻፍሁ። አንድ ሸክላ ብቻ ያለው ቤት ሆኗል።

ኦስሞ ሲወጣ፣ በጣቶቹ ቆሞ፣ በሩን በዝግታ ገፋ፤
"ግን ጃዝ ነው" አለ በሹክሹክታ፤ በረዶው ውስጥም ጠፋ።