ጠጥቷል?

ከጅሬን ቁልቁል፣ አቮካዶው ከቆመበት፣
ቆርቆሮው ከዛገ፣ ዝናብ ከሚያወራበት፣
አንድ ጋራዥ አለን፣ ጋራዥ ከተባለ፤
ግድግዳው ላይ ያረጀ የብረት ቀለበት አለ።
የአያቴ ፈረስ ነው ያኔ የታሰረበት፣
ግንባረ ነጩ ቦራ፤ አያቴም «አባ ቦራ» የተባለበት።

ከፈረሱ ኋላ አይሱዙ አደረበት፣
ካይሱዙው ኋላ ጎማ፣ ባዶ በርሜል፣ የዶሮ ቤት፤
አሁን ደግሞ ይህ ነጭ፣ ዝም ያለ እንግዳ፣
አፍንጫ የሌለው፣ ጭስ የማያውቅ፣ ገና ያልተከፈለ ዕዳ።

ሶኬቱን ተማም ነው የገጠመው፤ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ፣
በድሮው ገመዳችን እንደ ልቡ እያላገጠ።
«ይሄ እኮ» አለኝ «ላምፖል ነው የለመደ፤
ዝሆን ካሰርክበት፣ ቤትህ ነደደ።»
አውራ ጣት የሚያህል ገመድ አስገዛኝ፣
መሬት አስቆፍሮ ዘንግ አስቀበረኝ፣
«መብረቅ ለሚወዳት ከተማ» ብሎ ሳቀብኝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣
ሰካሁት። ተከታታይ ድራማ ላይ ነበሩ፣ እትዬ ወርቅያንስ በጎረቤት።
የግቢው መብራት እንደ ደከመ ዓይን ቀላ፣
ፍሪጃቸው አቃሰተ፤ ድምፃቸው መጣ ከአጥሩ ኋላ፦
«ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ነው ያጠፋህብኝ!
ማን እንደ ገደለው ሳላውቅ፣ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝ!»
ውል ገባን በአጥሩ ቀዳዳ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጽሕፈት፤
ከሌሊቱ ስድስት በኋላ ሆነ የመኪናው እራት።
የሰፈሩ ልጆችም ስም አወጡልኝ፦ «አባ ሶኬት»።

ስለዚህ ሌሊት ሌሊት እዚህ ነኝ፣ በርጩማ ላይ፣
ጋቢ ተከናንቤ ቁጥር ሳይ።
ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።
ነዳጅ ሰልፍ ነበረው፣ ጠብ ነበረው፣ ሐሜት፤
ሁለት ቀን ተሰልፎ ያደረ ሰው ብዙ ይሰማል፣
የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን ቤት እንደ ተሸጠ ያውቃል።
ይሄ ብቻውን ይበላል፤
እኔንም ብቻዬን ያስመሸኛል።

ብቻዬን አልኩ እንጂ፣ አባቴ ይነቃል።
ከዘራውን እሰማለሁ፤ ሦስት እርምጃ፣ ዕረፍት፣
ዓይኑ ከደከመ ቆየ፤ ልቡም አንዳንዴ ይሄዳል ወደ ልጅነት።
ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድቷል፣
የታመመ ጊርቦክስ ከሩቅ በጆሮው ለይቷል፤
የዚህ ዝምታ ግን ግራ ያጋባዋል።
መዳፉን ቦኔቱ ላይ ያሳርፋል፣
ከዚያ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ ቀለበቱን ያገኛል፣
ገመዱን የማንጠለጥልበትን፤ እና
«ቦራ ጠጥቷል?» ይለኛል።

አንድ ቀን እውነቱን ነገርኩት።
«ቦራ እኮ ሞቷል፣ አባዬ፤ አንተ ገና ልጅ ሳለህ።»
ፊቱ ላይ አየሁት፤
ፈረሱ ያን ሌሊት እንደ አዲስ ሞተ።
ከዚያ ወዲህ አልደገምኩም።

ደግሞስ ውሸት ነው?
ግልገል ጊቤ እዚያ ታግዶ ተኝቷል፣
ሌሊት ሌሊት ከብረት ማማ ወደ ብረት ማማ ይዘላል፣
ተራራ ሽቅብ የወጣ ውሃ ማን አይቷል?
በተማም ገመድ ገብቶ፣ እነሆ፣ እግሬ ሥር ይንሾካሾካል።

«ጠጥቷል፣ አባዬ።»
«ከየት?»
«ከጊቤ።»
«ሞልቷል ውሃው?»
«ክረምት ነው፤ ሞልቷል።»
ራሱን ይነቀንቃል። ደስ ይለዋል።

ትናንት፣ ስልሳ አራት ላይ፣ ድርግም።
ቁጥሩ የለም፤ አምፖሉ የለም፤ ጅሬንም የለም።
ዝናቡ ብቻ ቀረ፣ በቆርቆሮው ላይ።
በአጥሩ በኩል «አባ ሶኬት! አንተ ነህ ወይ?»
«አይደለሁም እትዬ፣ ከተማው ሁሉ ነው!»

ሶኬቱን ልነካ ተነሣሁ። በጨለማው ውስጥ አባቴ
ክንዴን ፈልጎ ያዘኝ፤
«ተወው፣ አታስገድደው» አለኝ፤
«ፈረስ ሲበቃው፣ ራሱ ቀና ይላል።»