የጀርባው ቅጠል

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከወፍጮው አጠገብ፣
ቃሉን እሸጣለሁ በብርና በሒሳብ።
ሰማንያ አሐዱም፣ ስድሳ ስድስቱም አለ፣
«የለም» ብሎ መሸኘት በእኔ ቤት የታለ?
ትልቁ ለካህን፣ የኪሱ ለተማሪ፣
ባለ ዚፑ ደግሞ ለሠርግ ቤት አክባሪ።
ቃሉ ውስጡ አንድ ነው፤ ዋጋው ነው በልብሱ፣
ቆዳ የለበሰው ይወደዳል እሱ።
ገዢው ይቆጣል፦ «የእግዜር ቃል አይደል? ቀንስ!»
«ቃሉማ ነጻ ነው» እላለሁ ስመልስ፣
«ናፍጣው ነው እንጂ ከሸዋ እዚህ እስኪደርስ።»

አሮጌም እገዛለሁ።
አሮጌውን ሻጭ ግን ዓይን ለዓይን አላየውም፤
ቆጥሬ ስሰጠው እሱ አይቆጥረውም፣
«ምን ነካህ?» አልለው፣ «ቸገረኝ» አይለኝም።

የሚያድስልኝ ሰው ጠራዡ እንድሪስ ነው፣
ሙጫና ወስፌውን አባቱ ያወረሰው፣
ቁርኣንም ዳዊትም በአንድ መርፌ የሚሰፋው።
ቧንቧ ውኃ ወርዶ፣ ከጋራዡ ኋላ፣
ቤቱ ሁሌ ይሸታል ሌጦና ኮላ።
ሰጥቼው የሄድኩት ብል የበላው ጥራዝ
ሲመለስ ሙሽራ ነው፤ ዋጋውም አይያዝ።

ሐምሌ ነበር ታዲያ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣
አንድ ሽማግሌ ዝናቡን ታግሶ፣
አልታገሠም እንኳ፣ ካፖርቱ በስብሶ፣
ከኩታበር መጣ።

«ይርዳው እባላለሁ፤ ጥቅምት ላይ ሸጬልህ፣
ጠርዙን ሻማ የበላው፣ ቀዩ፣ ዛሬም አለህ?»
የለም። መዝገቤን ወደ ኋላ ገለጥኩት፣
ኅዳር አሥራ ሁለት ተሽጦ አገኘሁት፤
ዋጋው ተጽፏል፣ የገዢው ስም የለበት።

«እሱስ ይሁን» አለኝ፤ «ቃሉ ደብርም አለ፣
የጀርባው ቅጠል ነው ከእኔ የተነጠለ።
ስድስት ወልጄ እዚያ ቀናቸውን ጻፍኩኝ፣
በሁለቱ ግርጌ ሌላ ቀን ጨመርኩኝ።
የትንሿን ዕለት፣ የእታፈራሁን ዘነጋሁ፤
እናቷም የለችም፤ ማንን እጠይቃለሁ?»

ምን ይባላል? ሱቁን ለጎረቤት ትቼ
ይዤው ወረድኩ ቁልቁል ጃንጥላ ዘርግቼ።
እንድሪስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣
«ስም ያለው ወረቀት እንዴት ይረገጣል?
ስጠርዝ የላላው እዚህ ይቀመጣል።»

ቆርቆሮው ሙሉ ነው፤
የክርስትና ስም፣ የገብስ ብድር ቁና፣
«ወንድሜ ዘመተ» የሚል አንድ መስመርና
ልጅ የሣላት ዶሮ፣ እግሯ ያላለቀ ገና።
ሁሉም በሱቄ ያለፈ። አንዱንም አላየሁት።

እንድሪስ አነበበ፤ ይርዳው ዓይኑ ደክሟል፦
«እታፈራሁ ይርዳው፤ ሚያዝያ አሥራ አራት» ይላል፣
«ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ» ይላል።
የሽማግሌው ከንፈር ሦስቴ ደገመው።
ከዚያ ኪሱን ዳብሶ፣ «ስንት ነው?» አለኝ።

የቆዳውን፣ የዚፑን፣ የወርቅ ቅቡን ዋጋ
በቃሌ የምለው ሲመሽም ሲነጋ፣
እኔ፣ አፌ ተያዘ።
እንድሪስን አየሁት።
ኮላውን ያማስላል፤ አላገዘኝም።

ከዚያ ወዲህ እኔ አሮጌ ሲቀርብልኝ፣
ሽፋኑን አላይም፣ ጠርዙም አያጓጓኝ፤
ከጀርባ እገልጣለሁ።
ስም ካለ፣ «ቅደህ ያዝ» ነው ለባለጉዳዩ፤
«ቅጠል የጎደለው ይረክሳል» ባዩ
እኔው ነኝ፤ እኔው ነኝ ሙሉውን ከፋዩ።
ሚስቴ መዝገቡን አይታ ሦስት ቀን አኮረፈች።

አንዳንዱ አይወስድም፤ «ይቅር» ብሎ ይሄዳል።
እንድሪስ ጋ አሁን
ሁለተኛ ቆርቆሮ ተገዝቷል።